አባዬ የተቀመጠበት ዳስ

አሰላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፋናዬ፣ ኡፕሳላ

እንደምን ከርመዋል? የስዊድን ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ እዚህ ሁላችንም ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። «ሁላችንም» ስል አባዬን ጨምሬ እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ፤ የምጽፈው በሱ ምክንያት ነውና። «የስልክ ፊደል ዓይኔን ያመኛል፣ በወረቀት ጽፈሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ብለው ስላዘዙ ይኸው በእጄ ጻፍኩ። መስመሩ ከተንጋደደ የዘር ነው፤ የወንድምዎም ጽሑፍ እንዲሁ ነው።

አክስቴ፣ በስልክ «ጌትነት እንዴት ነው?» ሲሉ እማዬ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ሥራ የበዛባትስ አረቄ ሻጯ ናት። ባለፈው ሳምንት ዴራ ኮምባይነር ሊጠግን ተጠርቶ ሄደ። የደረሰ ስንዴ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ባለቤቱ መካኒክ እየፈለገ ሲሮጥ፣ መካኒኩ ኮምባይነሩ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራው ሰው የለም። ቤት ሲውል ደግሞ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም። ይኸኛው ነው እኔን ያስከፋኝ።

ሽማግሌዎቻችን ዝም አላሉም፤ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር። የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢ የሆኑት የአያቴ ወንድም፣ አባባ ይርሳው፣ «መጠጥ ቀስ በቀስ ነው የሚተው። መጀመሪያ ከአረቄ ወደ ጠላ ይውረድ» ብለው ፈረዱ። አባዬም ወረደ፤ አረቄውን ይዞ ወረደ። ከዚያ ጸበል ተወሰደ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጸበሉ ጠቅሞት ነበር፤ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ግን መናኸሪያ የተቀበሉት ወዳጆቹ «እንኳን ተሻለህ!» ብለው ጋበዙት።

ስለዚህ እኔው መፈለግ ጀመርኩ። መድኃኒት ቤት ገብቼ «መጠጥ ለማቆም የሚረዳ የት ይገኛል?» አልኩ። «ለማን?» አለኝ ባለመድኃኒቱ። «ለዘመድ» አልኩ። ቤት ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ እማዬ አሁንም ከትምህርት ቤት ስመለስ አፌን ታሸተኛለች።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ሕፃኗን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሳጅባት፣ የክትባቱ ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት አየሁ፦ «ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ ይገናኛሉ። የሚፈልግ ይግባ።» ለአባዬ ነገርኩት። «የሰከረ ሰው ከሰከረ ሰው ምን ይማራል?» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

እርስዎ ሂድ ቢሉት ግን ይሄዳል። በእጅዎ ነው ያደገው፤ ከእርስዎ ቃል ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እባክዎ ይጻፉለት።

የወንድምዎ ልጅ ሃኒ

———

ኡፕሳላ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሃኒ

የአባቶችሽ አምላክ በዕድሜ በጥበብ ያሳድግሽ፤ ከክፉ ዓይን ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ። እናትሽን ወለላን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የምጦራቸው አሮጊቶችም ደህና ናቸው፤ ከብርዱ በቀር የምከሰው የለኝም።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ሳቅሁ፣ አንዴ አልሳቅሁም። ሽማግሌ ላይ መቀለዱን ቀነስ አድርጊ፤ አባባ ይርሳው ክፉ አይደሉም፣ ዘመናቸው ነው።

ስለ ስብሰባው ግን ልቤ አልረጋም። አባታችን «የቤት ገመና የሚወጣው ከሬሳ ጋር ነው» ይሉ ነበር። እዚያ ማን ማን ይመጣል? የሚያውቀን ሰው አለ? የማን ቤተሰብ ነው? ይህን ሳትጽፊልኝ አትቅሪ። የምንታወቅ ሰዎች ነን፤ በአሰላ አንዱ ካነጠሰ ሌላው ይማርህ ሳይል አያድርም።

ቢሆንም ዴራ የሆነውን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ይህችን አንብቢለት፦ «ጌትዬ፣ በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ሂድ።» ብቻውን ግን አትስደጂው፤ ከቤተ ክርስቲያንም አይቅር።

ሰው ካገኘሽ ትንሽ በርበሬ ላኪልኝ፤ የእዚህ አገሩ ቀለም ብቻ ነው።

አክስትሽ ፋናዬ

———

አሰላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ኡፕሳላ ይዘርጋ። በርበሬው ተቀምሟል፤ የሚወስድ ሰው እየተፈለገ ነው።

«በእናታችን አጥንት» የምትለዋን ሳነብለት ካልሲ እያደረገ ነበር። አንዱን እግር እንዳደረገ ቁጭ ብሎ ቀረ። ብዙ ቆይቶ «ሌላኛው የት ገባ?» አለ። ካልሲውን ነው። ፈልጌ ሰጠሁት፤ ሄድን።

አክስቴ፣ ቢያዩት ይስቁ ነበር። ስብሰባው ክትባቱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ለእናቶችና ለሕፃናት በተሠራች አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ይቀመጣሉ። ከጎን የሕፃናት ሚዛን ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ!» ይላል። አባዬ አነበበውና «እኔም እዚያው ላይ ብቆም ኖሮ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው በአባዬ ላይ ሳይሆን ከአባዬ ጋር ሲስቅ ሰማሁ።

የምትሰበስባቸው ሲስተር ሐመልማል የምትባል የጎጃም ልጅ ናት፤ ተመድባ ነው የመጣችው። ለመጀመሪያው ቀን እኔንም አስታማሚ ብላ አስገባችኝ። አባዬ እጁን አውጥቶ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «መዋጮው ስንት ነው? አባል ሲሞትስ ለቤተሰቡ ምን ይሰጣል?»

«ጋሽ ጌትነት፣ ይሄ እድር አይደለም» አለችው። «እዚህ የምንመጣው እድርዎ ቶሎ ወጪ እንዳይወጣበት ነው።»

ማን ማን አለ ብለው ጠይቀዋል። አልመልስልዎትም። እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል ተብሏል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከጢቾ በኩል በመኪና የሚመጣ አንድ ገበሬ አለ፤ በኦሮምኛ ያወራል፣ አንድ ጎሚስታ ለሲስተር ያስተረጉምላታል። ከዚህ በላይ ቢያስሩኝም አልናገርም።

አሁን ውጪ ሆኜ እጠብቀዋለሁ። ሲወጣ ዓይኑ ይቀላል፤ የድሮው ዓይነት ቅላት ግን አይደለም። ወደ ቤት በአቋራጩ አንሄድም፤ አረቄ ቤቱ እዚያ ላይ ስላለ እንዞራለን። እጁ ገና ይንቀጠቀጣል። ትላንት ግን የጎረቤት ውኃ መሳቢያ ሞተር ፈታ። ከገጠመው በኋላ የተረፈ ብሎን አልነበረም።

የወንድምዎ ልጅ ሃኒ

———

ኡፕሳላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃኒ

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! አንቺን የሰጠን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ብሎን አልተረፈም ያልሽው ላይ ስደርስ በሥራ ቦታ አለቀስኩ፤ አንዲቷ አሮጊት ሰው የሞተብኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

ጥር 18 የአባባ ይርሳው ልጅ የይበልጣል ሰርግ ነው አይደል? ከሰው ጋር የላክሁትን ኮት ይልበስ። ከፊት ይቀመጥ። የዴራውን ወሬ ያወራ ሁሉ ወንድሜን በሰው መካከል ቀጥ ብሎ ይየው። ፎቶውን አንስተሽ በዚያው ቀን ላኪልኝ፤ አደራ።

አክስትሽ ፋናዬ

———

አሰላ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

እግዜር ትዕግሥቱን ይስጥዎት ብዬ ልጀምር፤ ዛሬ ያስፈልግዎታል። ፎቶውን ያልላክሁት ከኔ ቀድሞ ሌላ ሰው የላከልዎ ስለሚመስለኝ ነው። ስለዚህ ፎቶው የማይናገረውን እኔ ልናገር።

አባዬ ኮቱን ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ እንዳዘዙት ከፊት ተቀመጠ። ኮቱ ሰፍቶታል እንጂ ሙሽራውን ያስንቅ ነበር። ከዚያ አባባ ይርሳው ራሳቸው ጠርሙስ ይዘው መጡ።

«በልጄ ሰርግ አፍህን ዘግተህ ልትውል ነው?»

«ኪኒን ላይ ነኝ አባባ።»

«እኔም ኪኒን ላይ ነኝ! በጠጅ ነው የምውጠው!»

ቀዱለት። አልነካውም። ሌላው መጣ፣ «በሞቴ» አለ፣ ቀዳለት። ሦስተኛው ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ከንፈሩ አስጠጋለት። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ አየሁት፤ አባዬ ብርጭቆውን የሚያየው አንድ ሰው ገደል አፋፍ ቆሞ ታች እንደሚያየው ነው። ድንገት ብድግ አለና ወጣ።

ወደ ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ግቢውን አቋርጦ የሙስሊም እንግዶች ዳስ ገባ። የእኛን አገር ድግስ ያውቁታል፤ ለእነሱ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ዳስ ይጣላል፣ የሚቀርበውም ለስላሳና ያልፈላ ብርዝ ነው። እዚያ ጎሚስታው ነበር። አዎ፣ ቅዳሜ የሚያስተረጉመው። ስሙን አልጽፍም። ምንም ሳይጠይቅ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው። አባዬ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ይዞ ሰርጉ እስኪያበቃ እዚያው ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ሰላም ያለው ፊት በሰርግ ላይ አይቼበት አላውቅም።

በእኛ ዳስ ግን ሙሽሮቹ ተረሱ። «ጌትነት ሰለመ!» አንዷ ሥጋ ሲበላ አየሁት ብላ ማለች። ያኘከው ካሮት ነው፤ አጠገቡ ሄጄ አይቻለሁ፤ ካሮት ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ሰርጉ ሳይበተን አዲስ ስም ሁሉ አውጥተውለት ነበር።

ትላንት ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጡ። «ለምን እዚያ ተቀመጥክ?»

«መጠጥ ትቻለሁ» አላቸው።

ሳቁ። አባባ ይርሳው «ጌትነት መጠጥ ከሚተው ሃይማኖት ቢተው ይቀለዋል!» አሉ። «መሸሽ ከሆነ ቤትህ አልነበር? እዚያ ማን ጠራህ?»

«ጓደኛዬ ጋ ነው የተቀመጥኩት።»

«ከመቼ ወዲህ? በምን ተገናኝታችሁ?»

አባዬ ምን ይበል? በምን እንደተገናኙ ከተናገረ የጎሚስታው ገመና ይወጣል፤ የሰውየው ሚስት እንኳ አታውቅም። እንግዲህ የእኛ አስተዋዮች ምን ፈረዱ መሰለዎት? የካቲት 12 የሚካኤል ማኅበር በአባባ ይርሳው ቤት ነው። ክርስቲያን ከሆነ የማኅበሩን ጽዋ፣ ጠላውን፣ በሁሉም ፊት ይጠጣ፤ ካልጠጣ ከማኅበሩ ይሰረዝ፣ በደስታም በሐዘንም ቤቱ የሚረግጥ አይኑር።

መጠጥ መተዉን እንዲያምኑት እንዲጠጣ ፈረዱበት፣ አክስቴ። እኔ ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሃኒ

———

ኡፕሳላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃኒ

ደህና ነሽ ወይ።

አባባ ይርሳው ደውለውልኛል። ሌሎችም ደውለዋል። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ፎቶ ልከውልኛል። ሥራ ቦታ ስልኬን መዝጋት ነበረብኝ።

ያልሽውን አምኛለሁ። ወንድሜ ሃይማኖቱን እንዳልለወጠ አውቃለሁ። ግን እኔ ማወቄ ምን ይጠቅማል? እናታችን የተቀበረችው እዚያው ነው፤ እኔም ስመጣ የምገባው እዚያው ነው። የማኅበርተኛ ፊት ከዞረብን ሰው አለን አይባልም። አንዲት ጽዋ ምን ታደርጋለች? የመልአኩ ጽዋ ናት፤ የተባረከች ናት። ተጎንጭቶ ስሙን ያድስ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አይንካ።

ይህን አንብቢለት፦ «ጌትዬ፣ እኔን ካሰብክ ጠጣ።»

በርበሬውን ተዪው።

ፋናዬ

———

አሰላ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ጤናዎን ከልቤ እመኛለሁ፤ ቁጣዎን ግን አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። አላነበብኩለትም።

በየቀኑ «ፋናዬ አልጻፈችም?» ይለኛል። «አልጻፈችም» እለዋለሁ። ካነበብኩለት ይጠጣል። ለማኅበሩ ብሎ ሳይሆን ለእርስዎ ብሎ። እኔ ደግሞ ያን ብርጭቆ ሲያይ ፊቱን አይቻለሁ።

አንድ ጽዋ ምን ታደርጋለች ይላሉ። ለአባዬ አንድ የሚባል ቁጥር የለም። መናኸሪያ ላይም «እንኳን ተሻለህ» ብለው የቀዱለት አንድ ነበር። እርስዎ ለሚጦሯቸው ሰዎች መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ ብለው ጽፈውልኝ ያውቃሉ። ከመካከላቸው ስኳር ያለባት አሮጊት ብትኖር፣ ዘመዶቿ «ዛሬ በዓል ነው፣ ቄሱ የባረኩት ኬክ ነው» ቢሉዎት ይሰጧታል? ጉዳዩ በረከት ላይ አይደለም። ሚካኤል አባዬ የተቀመጠበትን ዳስ አይቶ የሚቀየም አይመስለኝም፤ እንዲያውም ተሸክሞ ያደረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የምቀየመው እኔ ነኝ፣ ሃይማኖት ጠባቂ ሆነው በመጡት፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሲመጡ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነበር የሚራመዱት።

ማኅበሩን ማጣት ቀላል ነው አላልኩም። እማዬ ከሰርጉ ወዲህ ጎረቤት አትወጣም። ግን ስሙን አድሰን ሰውየውን ብናጣ ማኅበሩ ምን ያደርግልናል?

ስምንት ቀን አለን። እባክዎ ሌላ ቃል ይላኩልኝ። ካልላኩ ያንኛውን በዚያን ቀን ጠዋት አነብለታለሁ፤ ከእርስዎ የመጣን ቃል ለዘላለም መደበቅ አልችልም።

ሃኒ

———

ኡፕሳላ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሃኒ፣

አይጠጣ። እኔ ነኝ ያልኩት በይው።

ፋናዬ

———

አሰላ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አክስቴ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። ስለዘገየሁ አይቀየሙኝ፤ ነገሩ ሳያልቅ መጻፍ ፈርቼ ነው።

መልእክትዎ የደረሰኝ መንገድ ላይ ነው። ኮቱን ለብሶ ወደ አባባ ይርሳው ቤት እየሄድን ነበር፤ ያንን የመጀመሪያውን ላነብለት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። አሳየሁት። ቆሞ አነበበው፣ እንደገና አነበበው። «ፋናዬ እንዲህ አጭር ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ አረማመዱ ተለወጠ።

ጸሎት ተደረገ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ጽዋው ዞረ። አባዬ ጋ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ማኘክ አቆመ። በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ተነሣ፣ ጽዋውን በግንባሩ አስነክቶ ለሚቀጥለው ሰው ሊያቀብል ዘረጋ። ሰውየው አልተቀበለም።

«መሳለሙን ማንም ይሳለማል፤ ጠጣ!» አሉ አባባ ይርሳው።

ያኔ በሩ ላይ «ደህና ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎሚስታው ነው። አሁን ስሙን መጻፍ እችላለሁ፣ ራሱ አውጥቶታልና፤ ሙንተሲር ይባላል። የጎማ ጥላሸት እጁ ላይ ነበር። ወሬውን ከደንበኞቹ ሰምቶ ሱቁን ጥሎ ነው የመጣው።

«አልገባም፣ እዚሁ ይበቃኛል» አለ። «ጌትነት ቢሰልም ኖሮ ቀድመን የምንሰማ እኛ ነበርን። አልሰማንም።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «እኔ ዘንድ የተቀመጠው እኔም እንደሱ ጠጪ ስለነበርኩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለመተው አብረን እንሰበሰባለን። ይህን ያልነገራችሁ የኔን ላለመናገር ነው። አሁን እኔ ተናገርኩ። ተዉት።»

«አንተ? ሙስሊም ሆነህ?» አሉ አባባ ይርሳው።

«እኔ» አለ። «ከዚህ ቤት ካሉት ከሦስቱ ጋር አብሬ ጠጥቻለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም።»

አምስት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ቄሱ ተነሥተው ጽዋውን ከአባዬ እጅ ወሰዱና ራሳቸው ለሚቀጥለው ሰው አቀበሉ። በቃ። አባባ ይርሳው ለአባዬ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ቀና ብዬ ሳይ ሙንተሲር ሄዷል።

የኛ ነገር እንዲህ አለፈ፤ የሱ ግን እንዲያ አላለፈም። ወሬው በማግስቱ ሚስቱ ጆሮ ገባ። ወንድሞቿ መጡ አሉ። ሱቁ ተዘጋ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስብሰባው ላይ አልታየም። አባዬ ሲወጣ «እኔን አውጥቶ እሱ ገባበት» አለኝ፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰማሁት። ያን ሳምንት በየቀኑ ፈርቼ ነው የዋልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ ወጣ። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ወደ ጤና ጣቢያው መታጠፍ ሲገባው በአቋራጩ ቀጠለ። አረቄ ቤቱ ባለበት። ተከተልኩት። በሩ ላይ የቆሙት «ጌትነት!» ብለው ጠሩት። «ደህና ዋላችሁ» አላቸውና አለፈ። አለፈ፣ አክስቴ! ሙንተሲር ግቢ በር ላይ ደርሶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ።

«ጎማ ፈንድቶብኝ ነው።»

«ጌትነት፣ መኪና የለህም።»

«እሱስ የለኝም።»

አባዬ ከበሩ አጠገብ ከተቆለሉት አሮጌ ጎማዎች አንዱን አውርዶ ተቀመጠበት። ረመዳን የገባበት ቀን ነበር፤ እኛም ዓቢይ ጾም ይዘናል፤ ሁለቱም በባዶ ሆድ፣ አንዱ ከበሩ ወዲህ፣ አንዱ ከበሩ ወዲያ ተቀመጡ። እኔ ሮጬ ሲስተር ሐመልማልን ጠራሁ። እሷ ደግሞ የመጡትን ሁሉ ይዛ መጣች። ተደብቀው በጓሮ በር የሚገቡ ሰዎች በዋና መንገድ ተሰልፈው ሲሄዱ ፍም የሚረግጡ ይመስሉ ነበር። የጢቾው ገበሬ ከሁሉ ትልቁን፣ የትራክተሩን ጎማ መረጠ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሙንተሲር ሁላቸውንም በየጎማው ተቀምጠው አየ። «እዚህ እኮ ሰው ያያችኋል» አለ።

«ይየና» አለ አባዬ፤ ጠጋ ብሎም ቦታ ሰጠው።

ሚስቱ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አይፈታም። ወንዶቹ ማውራት ሲጀምሩ እኔ እንዳልሰማ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«በየሳምንቱ ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«በየሳምንቱ።»

ጎማዎቹን አየች፤ ባሏን አየች፤ የአባዬን ኮት፣ መቀመጫው በጥላሸት የጠቆረውን፣ አየች።

«እንግዲያው አግዳሚ ይሠራ» አለች። «ልብስ ማጠቡን እኔ አልችለውም።»

የወንድምዎ ልጅ ሃኒ